ጭራውን የጣለ ቀለም

በሕይወቴ እምላለሁ፤ ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ እዚሁ በተቀመጥኩበት ክው ብዬ ልቅር።

ቀቢዋ ቤተ ሙከራ ውስጥ መስታወት ትቀባ ነበር። ቀለሟ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፖሊመር፣ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ውሁድ ነው፤ ሲፈጥረው ግትር፣ በየትኛውም ፈሳሽ የማይሟሟ። ስለዚህ በየሰንሰለቱ ላይ ጭራ ይቀጠልለታል። ጭራ ሲኖረው ይሟሟል፣ ይቀባል። ከዚያ በትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲሞቅ ጭራው በኖ ይጠፋል፤ በቦታው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይቀራሉ፤ ቀለሙም ከዚያ ወዲያ ባሕር ቢነክሩት አይለቅም። ሽፋኑ እንዴት ይቀጥን ነበር መሰላችሁ! ቁንጫ ብትረግጠው እንደ ዝሆን ታጎደጉደዋለች።

የተቀባው ገጽ እንዳይምታታባት የመስታወቱን አንድ ጥግ በጉጠት ትሸርፋለች። አሙቃ ስትጨርስ፣ ብርሃን እንዳያበላሸው በጥቁር ሣጥን ከድና ለአለቃው ታስረክባለች። በማግስቱ አለቃው ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ በሣጥኑ ይሞላል፤ ቆይቶ ፈሳሹን በብርጭቆ ይገለብጥና መስታወቱን ያወጣል። የመጨረሻው እጥበት የአለቃ ወግ ነው።

ቀለሙ ከጸና ሥራው በስሟ ይጻፋል። ደጋግማ ቀብታ ካልጸና እሷም ወደ ቤቷ።

አልጸናም። አለቃው ያወጣው አራቱም ማዕዘኑ የተሟላ፣ ጥርት ያለ ባዶ መስታወት ነበር። በብርጭቆው ያለው ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ብሏል፤ የታጠበ ቀለም ጠብታ እንኳ የለበትም።

«ጋሼ፣ ከምድጃው ሳነሣው እንደ ወይን ጠቁሮ ነበር እኮ!»

«ዓይንሽ ደክሞ ነው፣ ልጄ። ሙቀቱ አንሶበት ይሆናል።»

ደገመች፤ ያው። ሠለሰች፤ ያው ባዶ መስታወት።

ሙቀቱን ማን ይቀንሰዋል? ከጎኗ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፤ ኮቴው ስለማይሰማ «ጥላ» ይሉታል። አንድ ቀን እጇን ታጥባ ስትመለስ ምድጃዋ ላይ ተደፍቶ አገኘችው።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ሙቀቱን እያየሁልሽ ነው፣ እህቴ። ምድጃሽ ምንም አልሆነ። ይልቅ ያንን ፈሳሽ...»

«ፈሳሹን ተወውና እጅህን አንሣ! ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ!»

«እሺ፣ ምነው ቧጠጥሽኝ? ድመቷስ አንቺ ነሽ።»

ለአለቃው ነገረችው። አለቃው ሳያመነታ ጥላን አሰናበተ። ጥላ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ «ይቅናሽ» ብቻ አላት።

ከዚያ ወዲያ ምድጃውን እንደ አራስ ልጅ ጠበቀችው። ዓይኖቿን እንኳ የምትጨፍናቸው በየተራ ነበር። ሙቀቱ ንቅንቅ አላለም፤ ቀለሙም ጠቆረ። በማግስቱ ግን ያው ኩልል ያለ ፈሳሽ፣ ያው ባዶ መስታወት።

አሁን የምትከሰው ሰው አጣች። እጆቿን እያገላበጠች አየቻቸው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰሏት።

«በሰው ፊት፣ በገዛ አንደበትሽ ‹አልተሳካልኝም› ብትዪ ይሻልሻል» አላት አለቃው። «ለክብርሽ ነው፣ ልጄ።»

አለች። ሠራተኛው ሁሉ ሰማ። አለቃው እያቀፋት አለቀሰ፤ እንባው ከጋውኑ ኪስ ሞልቶ እስኪፈስ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጋውኗን ልትመልስ ስትመጣ ክፍሉ በእንግዳ ተሞልቷል። በሩ ላይ ቆመች። አለቃው ፈሳሹን ከሣጥኑ ገለበጠና መስታወቱን አወጣ። እንደ ወይን የጠቆረ ቀለም አብረቀረቀ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«የስንት ዓመት ልፋቴ ነው!» አለ አለቃው።

ቀቢዋ ጋውኗን እንደያዘች አንድ እርምጃ ገባች። ብትናገርስ? «አልተሳካልኝም» ያለችው ራሷ። «ፈሳሹን» ሊላት የነበረውን ሰውም ያስባረረችው ራሷ።

አለቃው ሁሉም እንዲያየው መስታወቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። አንዱ ጥጉ ተሸርፏል።

የነገርኳችሁ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ አለቃው አላለቀሰም።