ሕመሙን የወሰደች አራስ

በዚያ ዘመን፣ የእናቷ ሱስ በማሕፀን የተላለፈባት ሕፃን ስትወለድ የሚያንዘፈዝፋትን ሕመም፣ እናቲቱ ከፈቀደች ወደ ራሷ አካል ልትወስደው ትችል ነበር። በእናትና በልጅ እጅ ላይ የሚታሰር ቀጭን አምባር ያገናኛቸዋል፤ እናት «በቃኝ» ባለች ጊዜ ሕመሙ ወደ ሕፃኗ ይመለሳል።

ትርሲት ከወለደች ጀምሮ ይህን ቃል አልተናገረችም። አክስቷ እትዬ ደብሪቱ ገንፎ ይዘው ሊጠይቋት ወደ ሐኪም ቤቱ በመጡ ጊዜ፣ ማንኪያውን ከአፏ ማድረስ ተስኗት ቅቤው በነጠላዋ ላይ ፈሰሰ።

«ገንፎውን ያመጣሁት ለአንቺ ነው ወይስ ለነጠላሽ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«እሱም አራስ ነው፣ እትዬ፤ ይብላ» ስትል ትርሲት ጥርሷ እየተንገጫገጨ መለሰች።

አዋላጇ ሲስተር ምንታምር ግንባሯን ዳሰሰች። «ትኩሳትሽ በርትቷል። ለጥቂት ጊዜ እንኳ አምባሩን ልፍታልሽ?»

«እሷስ?»

«ያማታል። ግን መድኃኒት እንሰጣታለን፤ ለክፉ አይሰጣትም።»

ትርሲት ወደ ሕፃኗ አልጋ ተመለከተች። ልጅቱ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሕፃን በሰላም ተኝታለች።

«ይህን ሕመም እኔ አውቀዋለሁ፣ ሲስተር» አለች። «እሷ ሳታውቀው ትደግ።»

እትዬ ደብሪቱ ማንኪያውን ከእጇ ተቀብለው ያጎርሷት ጀመር። ልጅቱ በተወለደች ዕለት፣ እናቲቱ ሱሰኛ ናት በሚል ኀፍረት፣ ከዘመድ ወገን እልል ያለ አልነበረም። ትርሲት በልታ ስትጨርስ እትዬ ደብሪቱ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ለሴት ልጅ የሚገባውን ሦስት እልልታ፣ የተኛችው እንዳትነቃ፣ በሹክሹክታ አሰሙ።