ሁለተኛው ጉርሻ

የእኩልነት ሕጉ በትምህርት ቤቶች ላይ የጣለው ግዴታ ከባድ ነበር፤ ማንም ልጅ በእናቱ ዕድል ከጓደኛው እንዳይበልጥ፣ ልጆቹን በየዓመቱ በዕጣ ከቤት ቤት ያዛውራሉ። ትርሲት የሌሎችን ልጆች ስታሳድግ ኖራ፣ ዘንድሮ ዕጣው የገዛ ልጇን ኤልዳናን አመጣላት።

ምስር ወጥ ሠርታ ጠበቀቻት። ገና ገበታው ሲቀርብ ጠቅልላ አጎረሰቻት።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ብላ ሁለተኛውን ስትዘረጋ፣ ኤልዳና አፏን ገጠመች።

"አምና እዚህ የነበረውን ናኦልንም ያጎርሱት ነበር፣ እትዬ?"

"ምን እትዬ፣ ምን አንቱ አመጣው? እናትሽ እኮ ነኝ!"

"አውቃለሁ። ያጎርሱት ነበር?"

ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ለብቻው ነበር የሚበላው።

"እንዴታ! ልክ እንዳንቺ" አለች ትርሲት፣ ዓይኗን ሰብራ።

"አንድ ቀን እንኳ ጎርሶ እንደማያውቅ ክፍል ውስጥ እያለቀሰ ነግሮናል።" ኤልዳና ተነስታ እጇን ታጠበች፤ ቦርሳዋንም አነገተች። "ለመምህሬ መናገር አለብኝ። ከእንግዲህ ልጅ አይሰጥዎትም።"

የትርሲት እጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

ልጅቷ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ጎንበስ አለች።

"እግዜር ይስጥልኝ። ወጡ ይጣፍጣል።"