ባለእጅ የመረጠችው ልጅ

ፋሲል ጂንካ የመጣው ሰው ሊያስተምር ነው። መሥሪያ ቤቱ በየወረዳው እየላከ ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ሥልጠና ያሰጠዋል። ካኮ ከተማ ላይ ሸክላ ሠሪውንና ገበሬውን አንድ አዳራሽ ይሰበስብና በመጨረሻው ቀን ሁሉንም ከአንድ ኩባያ ውኃ ያጠጣል። እሱ አይጠጣም፤ ፎቶ የሚያነሣው እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ቤቱ ጨዋታ አለ። ካርታ አይደለም፣ ዳማም አይደለም፤ አንድ መጽሐፍ፣ እርሳስና ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ነው። ተጫዋቹ በምናቡ ሌላ ሰው ይሆንና ዘንዶ ይገድላል። ደመወዝተኛ የሆነ ትልቅ ሰው «ሰይፌን መዘዝኩ!» እያለ እስኪመሽ ይጮኻል። ጂንካ ያልመጣባት ነገር የለም።

ተጫዋቾቹ ሦስት ናቸው። ዳጊ የፊዚክስ መምህር ነው። ሸዋንግዛው ኦዲተር ሲሆን በዕድሜም ይበልጣቸዋል። ጸሎት ጂንካ አቅራቢያ ያለችው የገዘር ልጅ ናት፤ እዚህ ከተማው ውስጥ ፋርማሲ ትሠራለች። ፋሲል ይወዳታል፣ ያውም ክፉኛ። ለመስቀል ገዘር ሄዶ ሽማግሌ እንዲሆንለት ሸዋንግዛውን ለምኖታል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነዋል። ጸሎት ሁልጊዜ የራሷን የቆርቆሮ ኩባያ ይዛ ትመጣለች። ውኃም ሻይም የምትጠጣው በሱ ነው። ፋሲል ብዙ ጊዜ ልብ ሳይለው ቆይቶ አንድ ቀን ልብ አለው። በአንዳንድ መንደር ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ጋር በአንድ ዕቃ እንደማይጠጣ ሲያስተምር ነው የኖረው። ኩባያ ይዞ የሚዞር ሰው በሰው ኩባያ መከልከልን የለመደ ነው ብሎ ደመደመ። ስለ አባቷ ቢጠይቃት «አባቴን ስታየው ታውቀዋለህ» ብላ ሳቀች።

የዘርሽ ነገር እንዴት ነው ብሎ በግልጽ እንዳይጠይቃት ደግሞ አሠልጣኝ ነው።

መላው ከመጽሐፉ ተገኘ። ባለፈው ቅዳሜ ዘንዶው ሁሉንም ስለፈጃቸው አዲስ ገጸ ባሕርይ መፍጠር ነበረባቸው። ፋሲል ራሱ ወደ አማርኛ የመለሳቸውን የሙያ ምድቦች አነበበ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ሌባ፣ ፈዋሽ፣ ባለእጅ። የመጨረሻውን ሲል ቀና ብሎ አያት።

«እዚህ ዘር ብሎ ነገር የለም። ሁሉም የፈለገውን ይሆናል» አለ በሥልጠና ድምፁ።

«አስማተኛው ጉልበት ነበረው» አለ ዳጊ፤ «ግን ጌታን ተቀብያለሁ። ፈዋሽ ልሁን።»

«ባለፈውም ፈዋሽ ሆነህ ነው ያስፈጀኸን» አለ ሸዋንግዛው። ራሱ እንደ ወትሮው ሌባ መረጠ። ኦዲተር ሌባ መሆን የሚችለው ቅዳሜ ብቻ ነው።

«እኔ ባለእጅ ነኝ» አለች ጸሎት።

ዳይሱን ጣለች። ጉልበቷ ዝቅ፣ ጥበቧ ከፍ ብሎ ወጣ። ቀጥሎ የገጸ ባሕርይዋን የትውልድ ታሪክ መናገር ነበረባት።

«እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት» አለች። «መንደሩ በሙሉ ውኃ የሚቀዳው በሷ እንስራ ነው። እሷ ግን የማንም ግቢ አትገባም፤ አጥር ውጭ ቆማ ነው የምትሸጠው። ማንም በኩባያዋ አይጠጣም። ልጅቷን ይኼ አንገብግቧታል።»

«ይኼን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

«አይቼ ነዋ! እዚያ አይደል ያደግኩት?»

ፋሲል ቀዘቀዘ። የወደዳት ልጅ ዓይኑ እያየ ሌላ ሰው ሆነችበት።

ትንሽ ቆይታ ውኃ ጠየቀችው።

«ኩባያሽስ?»

«ዛሬ አላመጣሁትም። በአንተው ስጠኝ።»

ሰማያዊ ኩባያውን ሞልቶ ሰጣት። ዓይን ዓይኑን እያየች እስከ መጨረሻው ጠጣችና መለሰችለት። ዳጊና ሸዋንግዛው ፈዋሽ ሰይፍ መያዝ ይችላል አይችልም እያሉ ሲጨቃጨቁ አላዩም።

ሁሉም ሲሄዱ ፋሲል ኩባያውን አጠበው። ደግሞ አጠበው። ከዚያ በጋዜጣ ጠቀለለና ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ጣለው። ጋዜጣው ላይ እሱ ስለ እኩልነት የሰጠው ቃለ ምልልስ ነበረበት።

ሰኞ ሸዋንግዛውን አገኘው። «ጋሼ፣ የገዘሩን ነገር እንተወው። ባህላችን አይገጥምም» አለው። ለጸሎት ግን ምንም አላላትም። ቅዳሜ ስትመጣ «ፊልድ ልወጣ ነው» ብሎ ከበር መለሳት። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ፋሲል በጊዜ መንቃቱን እያመሰገነ ካኮ ወርዶ ሠልጣኞቹን ከአንድ ኩባያ አጠጣ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሸዋንግዛው ለሥራ ገዘር ሄደ። ሽማግሌ ሊሆንበት የነበረውን ቤት ሰላም ሳይል ማለፉ ነውር መስሎ ስለታየው ጠያይቆ ደረሰ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ከብቱም ብዙ። አንዲት ሴት እንስራ አምጥታ አጥሩ ውጭ አስቀመጠችና እዚያው ቆማ ጠበቀች። ሸዋንግዛው ሊገባ ሲል እሱም በር ላይ እንዲቆይ በትሕትና ተነገረው። ዱካ ወጣለት። ውኃ ሲለምን በቅል ሰጡት፤ ጠጥቶ ሲመልስ ግን የሚቀበለው አጣ።

«ይዘኸው ሂድ» አሉት፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው የወጡት የጸሎት አባት። «አንተ የዚያ የጂንካው ፋሲል ሰው ነህ?»

«ጓደኛው ነኝ፣ አባባ።»

«ዘሩን ከማናውቀው ሰው ዕቃ እንዳትጠጣ ያስማልኳት እኔ ነኝ፤ አንድ እሑድ ግን ‹ትናንት በፋሲል ኩባያ ጠጣሁ፣ እሱን ነው የማገባው› ብላኝ መጣች፤ አልቅሼ እሺ አልኳት፤ ይኸው ሽማግሌ ስንጠብቅ መስቀል አለፈ።»