ቀለሙ እስኪደርቅ

ቀለም ቀቢው ቦልቴ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ቀባና ፈቀቅ አለ። "የግራው ክሬም ነው፤ የቀኙ ኦፍ ዋይት። የቱ ይሁን?"

"እሷን ጠይቃት" አለ ተድላ ወደ ሚስቱ እያየ። "ቤት የሴት ነው።" ፈገግ ብሏል።

አልጋነሽ ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች። ባለፈው መጋረጃ ስትመርጥም እንዲሁ ፈገግ ብሎ ነበር፤ እንግዶች ሲያደንቁላት አብሮ አደነቀ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን "ምርጫሽ አዋረደኝ" ብሎ የጠመዘዘው ክንዷ፣ ዛሬም ከባድ ነገር ስታነሳ ያማታል።

ግድግዳውን አየች። ለዓይኗ ሁለቱም ያው ወተት ናቸው። የቸገራት የቀለሙ ነገር አልነበረም፤ የእሱን ልብ ማወቁ ነው። ወደ ግራው ጠጋ ብላ የተድላን አተነፋፈስ አዳመጠች። ወደ ቀኙ ዞረች። ምንም የለም። ሳታስበው ክንዷን ጨበጠች።

"ቸገረሽ እንዴ? በይ ፅዮን ትምረጥ" አለ ተድላ። "ፅዮንዬ፣ የቱ ያምራል?"

የሰባት ዓመቷ ልጅ ግድግዳውን ዞር ብላም አላየችው። ቀና ብላ የአባቷን ፊት አየች፤ ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ ከዚያ እጁን። "አባዬ የሚወደው" አለች ቀስ ብላ።

አልጋነሽ እንዲህ ፊት ማየትን የተማረችው ከተዳረች በኋላ ነበር።

"ክሬሙ ይሁን።" ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። "ደግሞ ሽታው ለልጅ አይሆንም። ቀለሙ እስኪደርቅ ፅዮንን ይዤ አረካ እህቴ ጋ እሰነብታለሁ።"

የተድላ ፈገግታ ባለበት ቀረ። "መቼ ተነጋገርን?"

ቦልቴ የጨበጠችውን ክንዷን ሲያይ ቆይቶ የክሬሙን ቆርቆሮ ከፈተ። "እውነቷን ነው ጋሼ ተድላ። ሽታው ልጅ ያሳምማል። እኔ ልጀምር ነው፤ አሁኑኑ ቢወጡ ይሻላል።"

ተድላ በሰው ፊት ክፉ አይናገርም።

አልጋነሽ ቦርሳዋን ብቻ አንጠልጥላ የልጇን እጅ ያዘች። ግቢውን ስታቋርጥ ከኋላዋ ኮቴ የሰማች መሰላት፣ አልዞረችም። ባጃጅ አስቁማ "መናኸሪያ" አለች።

ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲንደረደር ፅዮን ተለጠፈችባት። "እማዬ፣ ቀለሙ መቼ ነው የሚደርቀው?"

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ መጥራት ጀመረ። አልጋነሽ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

"ገና ነው" አለቻት። "ገና ነው የኔ ልጅ።"