ከጠመንጃው ጋር የሚቀመጥ ሰው

ላምቦሬ የጠመንጃዋን መርፌ በሞርሳው አጥብቆ ሞረዱን ሲያነሳ ባላምባራስ ዳኘ ገና አልተቀመጡም። በሩ ላይ ቆመዋል፤ ምንሽራቸው ትከሻቸው ላይ፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ።

«ይቀመጡ እንጂ ባላምባራስ።»

«ምን ያስቀምጠኛል? ገብረወልድ እኮ የቀረው ትንሽ ነው፣ ላምቦሬ ያላምዳት ብሎ ነው የላከኝ።»

ገብረወልድ አልዋሸም። ባለፈው በጋ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ቶርኖ የሚባል የብረት መቅረጫ አስመጥቶ ከገበያው በላይ ተክሏል፤ ሞተሩ ሲነሳ የሆሳዕና ከተማ በሙሉ ይሰማዋል። መርፌዋን፣ ያቺን ጥይቱን ከኋላ የምትመታ ቀጭን ብረት፣ ባላምባራስ ከሰው ጋር ሰላምታ ሳይጨርሱ ቀርጾ አስረክቧቸዋል። ላምቦሬ ገና ሲያያት ቀንቷል። በእጁ እንዲህ ክብ አድርጎ የሠራበትን ቀን አያስታውስም። ጫፏ ብቻ የፀጉር ውፍረት ያህል ረዝሟል። ሁለቴ በሞረድ ቢላት ታልቃለች፤ እሱን ያስጨነቀውም ይኸው ነው።

ድሮ ብረቱን ከማጋል ጀምሮ አንዲት መርፌ ቀኑን ሙሉ ትይዘው ነበር። ጠመንጃውን ደግሞ ለቀጥቃጭ ጥሎ የሚሄድ ወንድ የለም። ዕቃ ይለውጥብኛል ብሎ ይሁን መድኃኒት ያደርግበታል ብሎ፣ ባለጠመንጃ ሁሉ ሥራው እስኪያልቅ ከጎኑ ንቅንቅ አይልም። ሰው ከላምቦሬ ጋር አይበላም፣ ከቤቱ ውሃ አይጠጣም፤ ጠመንጃ ይዞ ከመጣ ግን ይቀመጣል። ላምቦሬ ይህን አለመታመን እንደ ዝምድና ለምዶታል። ሚስቱ ከሞተች፣ ልጆቹም ሸንኮራ ሊቆርጡ ወንጂ ከወረዱ ወዲህ የሰው ወሬ የሚሰማው ከነዚሁ ሰዎች ነው። ቶርኖው ሲመጣ እነሱም ቀሩ።

«ሲያዩዋት ነው እንጂ ብዙ ይቀራታል» ይላል። «ቸኩዬ ካበላሸኋት ጥይት አትመታም።»

ባላምባራስ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ምንሽሩን አውርደው በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ፤ ጭናቸው ላይ ያጋድሙትና ክንዳቸውን ሰደፉ ላይ ያሳርፋሉ።

ላምቦሬ ሞረዱን ወደ ጠርዙ ያዞረዋል። ጠርዙ ጥርስ የለውም፣ ብረት አይበላም። እሱን መርፌዋ ላይ ይገፋል፣ ይስባል፣ ደግሞ ይገፋል። አንዲት ብናኝ አትወድቅም። ያፍራል፤ እጁ ግን አያርፍም።

«የሾኔው የመሬት ክርክር ምን ላይ ደረሰ?»

«ተረታሁ እባክህ! አንተ ገና እዚያ ላይ ነህ?» ባላምባራስ ይስቃሉ። ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው ይቆረጥማሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንካ ብለውት አያውቁም፤ ቢሆንም ላምቦሬ ሲቆረጥሙ መስማት ደስ ይለዋል።

«ልጅዎ እልፍነሽስ ደህና ናት?»

«ወለደች። ወንድ ነው፤ ግንባሩ የኔ፣ አፉ የናቱ።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት!» ይላል ላምቦሬ። ደስታው የራሱ ልጅ የወለደችለት ያህል ነው። ማንን ይመስላል፣ ማን ክርስትና አነሳው፣ ወተትስ በደንብ ይጠባል ወይ፣ ሌላም ሌላም ይጠይቃል። ሞረዱ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ባላምባራስ ፀሐይዋን ቀና ብለው ያያሉ። «አሁንም ገና ነው?»

«ገና ነው ባላምባራስ።»

«በል እንግዲያው ትቼልህ ልሂድ።»

የላምቦሬ እጅ ቀጥ ይላል። «ጠመንጃውን?»

«አዎ፣ ጠመንጃውን። ስንት ዘመን እዚህ ተጎልቼ እጅህን ስጠብቅ ኖርኩ፤ አንዲት ብሎን ጎድላብኝ አታውቅም። እኔም አሁን አያት ሆኛለሁ፣ ነውር ነው። ከእንግዲህ አንተን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። ነገ አሽከር ልኬ አስወስደዋለሁ።»

እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ባለጠመንጃ የለም። አባቱም ይህን ቃል ሳይሰማ ነው የሞተው። ላምቦሬ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ያመሰግናል። ይቀመጡ ማለት ይፈልጋል፤ ግን ያመነውን ሰው ምን ብሎ ያስቀምጠዋል? ባላምባራስ ምንሽሩን አንስተው በእሱ ጭን ላይ ያኖሩለታል፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ይወጣሉ።

ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሞረዱን ወደ ጥርሱ ያዞራል። አንዴ ይላታል፣ ይደግማታል። መግጠሟን ለማየት ጫፏን ጥላሸት ቀብቶ ጠመንጃው ውስጥ ቦታዋ ላይ ያስገባታል፤ ልክክ ትላለች። ቀና ሲል ባላምባራስ ገና ከባሕር ዛፎቹ አላለፉም። ቢጠራቸው ይሰማሉ። አለቀች ቢላቸው ግን ሲያታልላቸው እንደዋለ ይገባቸዋል። ደግሞም ቢመለሱ ይዘው ሊሄዱ እንጂ ሊቀመጡ አይደለም።

አይጠራቸውም። ምንሽሩን ጭኑ ላይ መልሶ ያጋድማል። ሰደፉ ላይ፣ የባላምባራስ ክንድ አርፎ በነበረበት በኩል፣ እንጨቱ አሁንም ሞቅ ያለ ነው። ላምቦሬ መዳፉን እዚያ ላይ ያስቀምጣል፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አያነሳም።