ሁለተኛዋ ድምፅ

ለሟች እናታችን መታሰቢያ ከእህቴ ጋር ዘፈን እየቀረፅን ነበር። ሁለተኛ ድምፅ የሚጨምርልኝን ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም መቅረጫው ሶፍትዌር አላየውም አለ። ፎልደሩን ቀየርኩ፣ ደግሜ ጫንኩት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ወይ ፍንክች!

«ይቅርብን፤ ብቻሽን ዝፈኚው» አልኳት።

ዘፍና ስትጨርስ ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ሆና ፈገግ አለችልኝ። «አገኘኸው አይደል? ከኋላዬ የገባችው ድምፅ ስታምር!»

«የምን ድምፅ? ፕለጊኑ እንደሆነ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል።»

ቀረፃውን መልሼ ከፈትኩት። እውነትም ሌላ የሴት ድምፅ አብሯት ይዘፍናል። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ተቋረጠና ሳለ፤ እማዬ አልጋ ከያዘች በኋላ የለመድነው ያ ደረቅ ሳል።

«አቁመው!» አለች እህቴ።

አቆምኩት። ሳሉ ግን አላቆመም፤ እሷ ካለችበት ክፍል፣ በማይኩ በኩል ይመጣል። እህቴ አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ይዛለች።