የጉድጓዱ ውሃ

ሰማያዊ መሆን ያልነበረበት ብልቃጥ ሰማያዊ ሆነ።

አባቴ ቀድሞኝ አየው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ወደ ደረደርኳቸው ሁለት ብልቃጦች ጎንበስ አለና ንጹሑ የትኛው ነው ያልሽኝ ብሎ ጠየቀኝ። በስተቀኝ ያለው፣ ከራስህ ቧንቧ የቀዳሁት፣ አልኩት። በግራው ውስጥ ያለው ከቤተ ሙከራ ያመጣሁት፣ አርሴኒክ የሚባል መርዝ የተጨመረበት ውሃ ነው። ቀለም መያዝ የነበረበት የግራው ብቻ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም አንድ መስለዋል።

ከቦስተን ሜይን ድረስ አራት ሰዓት የነዳሁት ሥራዬን ላሳየው ነው። አባቴ አርማን ቲቦዶ በወረቀት ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት አገልግሏል። ስለ ባክቴሪያ ሳወራለት ያዛጋል፤ «ሰርኪዩት» ካልኩት ግን ይነቃል። ስለዚህ በስልክ እንዲህ ብዬ ነበር ያስረዳሁት፦ ባክቴሪያዋ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ ገጥሜላታለሁ። ቀለም የሚሠራውን ጂን አንድ ፕሮቲን ተቀምጦበት ያጠፋዋል። አርሴኒክ ሲመጣ ፕሮቲኑን ከላዩ ያነሣለታል፤ ጂኑ ይበራል፤ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ይህን ለመግጠም አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

«ማብሪያሽ ኮንታክት አድርጎ ይሆናል» አለኝ አሁን።

እውነት ለመናገር፣ ይህን ሲለኝ ቀለል አለኝ። በሕይወቴ ሥራዬ ብልሹ ሆኖ እንዲገኝ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አዎ፣ ያጋጥማል አልኩት፤ ፕሮቲኑ በደንብ ካልተቀመጠ አርሴኒክ ሳይኖርም ቀለሙ ይመጣል።

«እንግዲያው ምንም በሌለበት ሞክሪዋ» አለና ጋራዥ ገብቶ ለመኪና ባትሪ የሚገዛውን የተጣራ ውሃ ይዞ መጣ። እንደ ሁለቱ ሁሉ የደረቁ ባክቴሪያዎች ባሉበት ሦስተኛ ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩት፣ ክዳኑን አጠበቅኩና ማሞቂያው ላይ አቆምኩት።

ሦስት ሰዓት ያህል ካርታ እየተጫወትን ጠበቅን። ደጋግሞ አሸነፈኝ፤ ግን አንዴም አላሾፈብኝም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አይለቀኝም ነበር። የቧንቧው ውሃ ስለሚመጣበት ጉድጓድ አወራኝ። እኔ የተወለድኩ ዓመት ከወንድሙ ጋር ሆኖ ያስቆፈረው ነው፤ ሁለት መቶ ጫማ፣ አብዛኛው አለት። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ይቀምሰው ነበር። እናቴ ደግሞ ሻይ የሚጥመኝ በዚህ ውሃ ብቻ ነው እያለች፣ እኔን ልትጠይቅ ቦስተን ስትመጣ እንኳ በጠርሙስ ይዛ ትመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ሲደርስ እጁ ላይ የነበሩትን ካርታዎች ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

እናቴ የሞተችው በሽንት ፊኛ ካንሰር ነው፤ ስድስት ዓመት ሆናት። ሲጋራ ባፏ ዞሮ አያውቅም። ከምን መጣ ብለን ስንጠይቅ ሐኪሙ ማወቅ አይቻልም ብሎን ነበር።

ሦስተኛውን ብልቃጥ አንሥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረብኩት። የሩዝ እጣቢ መስሎ ነጣ እንዳለ ነው። ሰማያዊ የሚባል ነገር የለበትም።

«ሠርቷል ማለት ነው» አለ አባቴ።

«ሠርቷል፣ አባዬ።»

ወዲያው መናገር ጀመርኩ። የኔ ብልቃጥ አለ ወይም የለም ከማለት በቀር የመርዙን መጠን በትክክል እንደማይናገር፣ ውሃውን ወስጄ በሌላ መሣሪያ ማስለካት እንዳለብኝ፣ ማጣሪያ እንደሚገጠም፣ የእማዬ ካንሰር ከዚህ ውሃ ይምጣ አይምጣ ደግሞ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር እንደማይችል። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ሳልለው አልቀረሁም።

«ጎበዝ ነሽ» አለኝ ስጨርስ። «አሳምረሽ ነው የገጠምሽው።»

ከዚያ ብድግ አለና በሩ ሥር የነበረውን የውሻውን ሳህን አንሥቶ የተረፈውን ውሃ ደፋው። እንደ ልማዱ ሊሞላው ወደ ቧንቧው ሄደ። እጁን መክፈቻው ላይ አደረገ፤ አልከፈተውም። ባዶውን ሳህን ይዞ እንደቆመ ቀረ፤ ውሻው እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ሽቅብ ያየዋል።